የመንደሯ አመጣጥና የያዝኩት መርዶ

ሰው በእግሬ ረግጫት ስለማላውቃት የጀርመን መንደር ይኼን ያህል መጨነቄን ቢሰማ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ጆሃንስበርግ ጥርቅም ብላ በተዘጋችበት በዚያ የመጀመሪያው የኮሮና ሰሞን፣ ከተወለድኩባት ቀዬ ቀጥሎ አብጠርጥሬ የማውቃት እሷን ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ በየት በኩል እንዳለች፣ ወፍጮው ከወንዙ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰዎች ለምን እንደሚነቋቆሩ ሁሉ አውቃለሁ። ስሟን በትክክል መጥራት ግን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።

የነገሩኝ አከራዬ ናቸው። ትሮይቪል በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር ከቤታቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል ያከራዩኝ ጀርመናዊ ሽማግሌ። በወጣትነታቸው የማዕድን ማሽን ሊጠግኑ መጥተው እዚሁ ቀርተዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅ የላቸውም። ነጭ ጎረቤቶቻቸው አንድ በአንድ ሰፈሩን ለቀው ሲወጡ እሳቸው፣ «እኔ ከመንደሬ አንዴ ወጥቻለሁ፤ ይበቃኛል» ብለው ተቀመጡ። ቁጡ ናቸው። በር ወርውሬ ከዘጋሁ ይጮሁብኛል። የኔም አፍ አያርፍም፤ በሩ ዘይት ይፈልጋል እንጂ እጄ ምን አጠፋ እላቸዋለሁ። በማግስቱ ዘይት ይዘው ሲመጡ አያለሁ። እንዲህ እየተነታረክን ተላምደን ነበር።

እኔ ጀፕስታውን ብርድ ልብስና መጋረጃ በሚያከፋፍል ሱቅ ውስጥ ነበር የምሠራው። ሱቁ ሲዘጋ፣ ወታደር መንገድ ላይ ሲወጣ፣ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ልብ ሲጠፋ፣ እኔና ሽማግሌው ግቢው ውስጥ ሁለታችን ቀረን። የዓይናቸውን ሞራ ሊገፈፉ ቀጠሮ ነበራቸው፤ እሱም ላልታወቀ ጊዜ ተላለፈ። ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚለዩት ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። እናም በየጠዋቱ ወጥ ቤታቸው ውስጥ፣ እሳቸው በጠረጴዛው በአንዱ ጫፍ እኔ በሌላው፣ ማስክ አጥልቀን መስኮቱን ከፍተን እንቀመጣለን። ኮምፒውተሩ በኔ በኩል ነው።

ሥራችን መጽሐፍ ነበር። መንደሯ የልደት በዓሏን ልታከብር አነስ ያለ መጽሐፍ እያዘጋጀች ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ ማለትም አመጣጧን እንዲጽፉ ለሳቸው ሰጥተዋቸዋል። እሳቸው ጀርመንኛውን ፊደል በፊደል እየጠሩ ያስጽፉኛል፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ምን እንዳሉ ይነግሩኛል፣ ከዚያ እኔ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። የማላውቀውን ቋንቋ ጮክ ብሎ ማንበብ ለኔ አዲስ አይደለም። ሐድያ አገር ትምህርት ቤት ስገባ አማርኛውንም እንዲያ ነው ያነበብኩት፤ ትርጉሙ የመጣው ቆይቶ ነው።

«መንደሬ የተወለደችው መነኮሳት ግብሯን በብራና ላይ በጻፉ ቀን ነው» አሉኝ አንድ ቀን። ብራናው ይህች መንደር ለገዳሙ ይህን ያህል እህል፣ ጾም ከመግባቱ በፊት ደግሞ ከየቤቱ አንዲት ዶሮ ትገብራለች ይላል። ከዚያ በፊት ስሟ የትም ቦታ የለም።

«እንዴ! ዶሮዎቹን ማን አረባቸው ታዲያ?» አልኳቸው። «መነኮሳቱ ሲመጡ እኮ ሰው ቀድሞ ነበር ማለት ነው። ግብር ሲጠየቅ ነው እንዴ ሰው የሚወለደው?»

ጠረጴዛውን በእጃቸው መቱት። «እሱን እኮ ነው የምላቸው!»

ለካ የሚሟገቱበት ጉዳይ ይኸው ኖሯል። የመንደሯ ስም መጨረሻው ጫካ የተመነጠረበት ቦታ ማለት ነው። መጥረቢያ ይዘው የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ግን የትኛውን ጫካ ነው የመነጠሩት? የመጽሐፉ ኮሚቴ ሰብሳቢ የላይ ሰፈር ሰው ስለሆነ፣ ኮረብታው ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ያለችበት ነው ባይ ነው። የኔ ሽማግሌ ደግሞ አይደለም፣ ታች ወንዙ ዳር ነው የተጀመረው ይላሉ። በዚያ በጥንቱ የወረርሽኝ ዘመን የታችኞቹ ቤቶች ሰው አልቆባቸው ባዶ ቀሩ፤ የተረፉት ያንን መሬት ፈርተው ወደ ላይ ሸሹ፤ ከቤቶቹ የተረፈው ድንጋይ ዛሬም ማረሻ ይነካል። ማስረጃው አንድ ነው፦ ከወፍጮው አካባቢ የተደፈነ አሮጌ የውኃ ጉድጓድ አለ። ቦታውን አያታቸው ያሳዩት ለታላቅ እህታቸው ብቻ ነው።

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ሞተር ብስክሌት እየፈታሁ» አሉና አንገታቸውን ደፉ። ሲያፍሩ ያየሁት ያኔ ነው።

እኔም ስለኛ ነገርኳቸው። እኛ ዘንድ ብራና የለም፤ አባቴ ግን ከራሱ ጀምሮ አባት እየቆጠረ፣ መጀመሪያ መሬቱን እስከያዘው ሰውዬ ድረስ ሳይሰናከል ይዘልቅ ነበር፤ ሰውዬው የተጠለለበትን ዛፍ ጭምር። አንቺስ ትቆጥሪያለሽ አሉኝ። ስድስት ላይ ጠፋኝ። ሳቁብኝ። ከዚያ፣ «እህቴ ከሄደች እኔም እንዳንቺ ነኝ» አሉ።

እህታቸው የሚኖሩት እዚያው በተወለዱበት ቤት ነው። በየሳምንቱ በኢሜይል ይጻጻፋሉ። የሽማግሌው ጆሮ የስልክ ድምፅ አጥርቶ ስለማይለይ በስልክ መነጋገር ትተዋል፤ የቤቱ ስልክ ደግሞ ገመዱን ሌቦች ከመንገድ ላይ ቆርጠው ከወሰዱት ወዲህ ድምፁን አጥፍቷል። በመጨረሻው ደብዳቤያቸው እህትየው፣ ትንሽ ሳል ይዞኛል፣ ሲለቀኝ ከጎረቤቴ ጋር ሄጄ ጉድጓዱን አያለሁ ብለው ነበር። «ከልጅነቷ ጀምሮ ሳል አያጣትም» አሉኝ ሽማግሌው፣ እየሳቁ።

ደብዳቤው የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቁርስ ሳይቀርብ ኮምፒውተሩን ስከፍት፣ ላኪዋ እህትየው አይደሉም፤ ጎረቤታቸው ናት። የጻፈችውም ለኔ ነው፣ በእንግሊዝኛ። «ለአከራይሽ የምታነቢላቸው አንቺ እንደሆንሽ ነግረውኛል። በእንግሊዝኛ የጻፍኩልሽ ሳይገባሽ ጮክ ብለሽ እንዳታነቢላቸው ነው። እህታቸው ትናንት ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። እባክሽ ስትነግሪያቸው አጠገባቸው ሁኚ።» ደብዳቤው ወደ ታች ረጅም ነበር። እኔ ግን እዚያ ላይ ዘጋሁት። ከዚህ በኋላ ምን ሊነበብ? በኛ አገር ሰው ጠዋት ከሞተ ከሰዓት ይቀበራል። እዚያም ቀብረዋቸው አድረዋል ብዬ ነው የወሰድኩት። ሌላ ነገር ይኖራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

«ደብዳቤ አለ?» አሉኝ ከወዲያ ማዶ።

«የለም» አልኩ። እንዲህ ዓይነት ውሸት ሳስብ አይወጣልኝም፤ ቀድሞኝ ነው የወጣው።

ለምን አልነገርሽም የሚለኝ ሰው የአባቴን መርዶ እንዴት እንደሰማሁ አያውቅም። በሂልብሮው በኩል በሚኒባስ ታክሲ ስሄድ ስልኬ ጮኸ። አንድ ለሥራ እዚህ የመጣ የአገሬ ልጅ ነው፤ የሰማሁ መስሎት «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አለኝ። ምን ሆኜ? አልኩት። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጩኸቴን ነው። ሾፌሩ ዘፈኑን ዘጋ። ከጎኔ የነበረች የማላውቃት እናት ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ይዛ «ቱላ ሲሲ፣ ቱላ» ትለኝ ነበር፣ ዝም በይ እህቴ ማለቷ ነው። እግዚአብሔር ይስጣት። ግን የራሴ ሰው ሳይኖር፣ ማን እንደሞተብኝ እንኳ በማያውቁ ሰዎች መሃል አባቴን ተረዳሁ። ያን ቀን ምዬአለሁ፤ እኔ ቆሜ ማንም ሰው እንዲህ ሆኖ መርዶ አይሰማም።

ስለዚህ ለጋሼ ደወልኩ። ጋሼ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፣ ከኔው አገር፤ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለችው። እንዳስረዳሁት መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «አልነገርሻቸውም አይደል?» ብሎ ነው።

«ኧረ አልነገርኩም።»

«ጎበዝ! ብቻቸውን፣ ለዚያውም በዚህ ዕድሜ? ድንግጥ ብለው ቢቀሩ በማን ሊላከክ ነው? ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እኔና ባለቤቴ እንመጣለን፣ ማለዳ፣ እህል ሳይቀምሱ። የመንቀሳቀሻ ፐርሚት አለኝ።»

ዝም ብሎ አይመጣም። ሱቁ አለበት፣ ፍተሻ አለ፣ ፐርሚቱ የሚያስኬደው ለዕቃ ነው እንጂ ለለቅሶ አይደለም። ሳምንቱን አሳለፍን። በኋላ ሐሙስ ማለዳ ተባለና ቀን ተቆረጠ።

እስከዚያ ድረስ የኖርኩትን ኑሮ ጠላቴ አይኑረው። ጠዋት «ደብዳቤ አለ?» ሲሉኝ ኔትወርክ የለም እላለሁ። አገሩ ተዘግቶ ሰዉ ሁሉ እየጻፈ መስመሩ ተጨናንቋል እላለሁ። እሳቸው በበኩላቸው ምዕራፉ እንዳያልፍባቸው ፈርተው ለእህታቸው ደብዳቤ ያስጽፉኛል፣ እኔም እጽፋለሁ፣ እልካለሁም። ሞተው ለተቀበሩ ሴትዮ! ካልላክሁ የተላከበትን ምልክት ድምፅ አይሰሙም፤ ያችን ድምፅ ደግሞ ሁልጊዜ ይጠብቃሉ።

ክፍሌ ስገባ ሌላው ጭንቀት ይቀበለኛል። በግድግዳው በኩል ካሳሉ ብድግ ብዬ እቀመጣለሁ። ሳያውቁ ቢሞቱስ? ወይም እኔን ቢይዘኝስ፣ ማን ይነግራቸዋል? ደግሞ ሲነገራቸው ልባቸው ቢቆምስ? ፖሊስ መጥቶ ምን አድርጋችሁ ነው የገደላችኋቸው ቢለንስ? በየትም ዞሬ ብመጣ ጥፋቱ እኔ ደጅ ላይ ነው የሚያርፈው። ከጎረቤቲቱ ሁለት ደብዳቤ ተከታትሎ መጣ። ነገርሻቸው ወይ ልትለኝ ነው ብዬ አንዱንም አልከፈትኩ።

አንድ ቀን የእህታቸው ዝምታ ሲበዛባቸው ፊታቸው ጥቁርቁር ሲል አንጀቴን በሉት። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከእህትየው የድሮ ደብዳቤዎች አንዱን ከፍቼ፣ «ዛሬ መጥቷል» ብዬ አነበብኩላቸው። ፊደሉን እንጂ ምን እንደሚል አላውቅም። ቀና ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ ፈገግ አሉ። «ይኼን ባለፈው ነግራኛለች» አሉ። «እህቴ አረጀች። መርሳት ጀመረች።» ከዚያ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏቸው ዋሉ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ተነስቼ ግቢውን ጠረግሁ፣ ወንበር አወጣሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጋሼ ደወለ። ጉሮሮውን ይከረክረዋል። «ምንም ላይሆን ይችላል፤ ግን ለሽማግሌ ሰው በሽታ ይዤላቸው ብመጣስ? እስከ ቅዳሜ እንየው» አለኝ። ልክ ነው። ምን እላለሁ? እውነቱን ልናገር፣ ተገላገልኩ፣ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ወንበሮቹን መለስኩና እንደ ወትሮው ጠረጴዛችን ላይ ተቀመጥን።

ቅዳሜ መጡ። ጋሼ ጉሮሮው ለቆታል፤ ሚስቱ ነጠላ ለብሳ፣ ሁለቱም ማስክ አድርገው ግቢው ውስጥ ራቅ ብለው ቆሙ። ሽማግሌውን በረንዳው ላይ አስቀመጥኳቸው። ጋሼ እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመረ። ጤናቸውን ጠየቀ፣ ስለ አገሩ ሁኔታ አወራ፣ ሰው በምድር ላይ እንግዳ ነው አለ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጠቀሰ። ሽማግሌው ወደ ድምፁ እያዩ ግራ ገባቸው።

«ምንድን ነው ይኼ ሁሉ?» አሉኝ። «ሰዎቹ ቤቴን ሊገዙ ነው የመጡት?»

ከዚያ በኋላ ጋሼን አልጠበቅኩትም። አጠገባቸው ተንበርክኬ፣ «እህትዎ አርፈዋል» አልኩ።

አልጮኹም። ልባቸውም አልቆመም። የጋሼ ሚስት ብቻ ማስኳ ውስጥ ስታለቅስ ይሰማ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይሞቱብኛል ብዬ የፈራሁላቸው ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ «መቼ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ስንት ቀን እንደሆነ በጣታቸው ሲቆጥሩ አየሁ።

«ማን ጻፈልሽ?»

«ጎረቤታቸው።»

«ኮምፒውተሩን አምጪ። አንብቢው። ሁሉንም።»

አመጣሁ። እዚያው ተንበርክኬ እንዳለሁ ከፈትኩት። የማውቃትን ሁለት መስመር አልፌ ወደማላውቀው ገባሁ። ሞታቸው ድንገተኛ ነበር ይላል። ከዚያ ቀጥሎ፣ «ቀብሩ ከዛሬ አሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ረፋድ በአምስት ሰዓት ነው። ሰዓታችሁ ከኛ ጋር አንድ ነው። ሕጉ የሚፈቅደው ለአሥር ሰው ብቻ ነው። እኛ ዘጠኝ ሆነን እንገባለን፤ አሥረኛው ቦታ የወንድማቸው ነው። የፊተኛው ወንበር ላይ ኮምፒውተር እናስቀምጣለን፤ እሳቸው ያዩናል፣ እኛም እናያቸዋለን። መግቢያው ከዚህ በታች ነው።»

ማንበቤን አቆምኩ። አሥራ ሁለት ቀን! ሬሳ አሥራ ሁለት ቀን የሚያቆይ አገር ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

«ቀጥይ» አሉኝ።

ቀጠልኩ። ሴትየዋ ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት የጉድጓዱን ቦታ በወረቀት ሥለው ለጎረቤታቸው ሰጥተዋል። ከወፍጮው በታች ነው፣ ወንዙ ዳር። መንደሯ የተጀመረችው ታች ነው። ሽማግሌው ልክ ነበሩ። አነበብኩላቸው፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ጋሼ ነገሩ ገብቶት ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ። በአማርኛ፣ «እኛ ለሳቸው ብለን ነው እኮ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«የትኛው ሐሙስ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ከትናንት ወዲያ።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ሊሰድቡኝ ነው፣ ቤቴን ልቀቂ ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሉኝም ይቀለኝ ነበር።

«ሐሙስ በአምስት ሰዓት እኔና አንቺ ምን እያደረግን ነበር?»

ለመዋሸት አፌን ከፍቼ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለምዶኛል። ግን የፈጠጠው ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር፤ ማየት ባይችልም።

«ለእሳቸው ደብዳቤ እያስጻፉኝ ነበር።»

«በዚሁ ኮምፒውተር?»

«በዚሁ።»

«ምን ብዬ?»

«ምን አስቀይሜሽ ነው ዝም ያልሽኝ ብለው።»

በመንገዱ ላይ የፖሊስ መኪና እየለፈፈ አለፈ፤ ሰው ቤቱ እንዲቀመጥ ይላል። እስኪያልፍ ድረስ ጠበቁ።

«ላክሽው?» አሉኝ።

«ልኬዋለሁ» አልኳቸው።